ጥርሱ የማን ነው?

አሮጊቷ ድንገተኛ ክፍል የደረሱት አምረው ነው። ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ፊታቸው ቅባት ጠግቧል፣ የለበሱት የሌሊት ልብስ የእጥፋቱ መስመር እንኳ ገና አልጠፋም። ተረኛው ሐኪም ልብሱን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ግን ክው አለ። ጀርባቸው ቆስሏል፤ የእግራቸው ጥፍር አድጎ ተቆልምሟል፤ ክንዳቸው የሕፃን ክንድ አክሏል። ሐኪሙ መጀመሪያ ግሉኮስ ሰካላቸው፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጠራ።

ፖሊስ ማለት እኔ ነኝ። ወንጀል ምርመራ ውስጥ ፀጉሬ የሸበተ ኢንስፔክተር ነኝ፤ በሥራዬ እኮራለሁ፣ አልደብቅም። "ያቺ ነዝናዛ ሴትዮ መጣች" እያሉ ከኋላዬ እንደሚያንሾካሹኩ አውቃለሁ። ይበሉ! ነገር ካልነዘነዙት ከተደበቀበት መች ይወጣል?

"ይተርፋሉ?" አልኩት ሐኪሙን።

"ልባቸው ጠንካራ ነው፤ ይተርፋሉ ብዬ አስባለሁ። ግን እዩዋቸው እስቲ! ይህ ባንድ ሳምንት የመጣ መክሳት አይደለም። ቀስ እያለ፣ እየታየ የመጣ ነው።"

"ከየት መጡ?"

"ከአረጋውያን መኖሪያ ቤት፣ በአምቡላንስ። አብራቸው የመጣችው ሠራተኛ ቶሎ አስፈርማ ሄደች።" ከዚያ አንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ሰጠኝ። "ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ነው። ድዳቸውን ልጦት ስላገኘሁ አወለቅኩት። ሰው ሲከሳ ድዱም ይሸሻል፤ ጥርሱ መያዝ ያቅተዋል።"

ፈርሜ ተቀበልኩና ከረጢቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። የተናገረው ትክክል ነው ብዬ አምኛለሁ፤ ሐኪም ነዋ።

አብሮኝ የሚሠራው ሳጅን በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ለጡረታ የተቃረበ፣ ልቡ ንጹሕ፣ አፉ ሰፊ ሰው ነው። ባልደረቦቻችን "ፈጥኖ ደራሽ" የሚሉት ማንም ሳይናገር ጥፋተኛው ላይ ስለሚደርስ ነው። አንዳንዴ እውነተኛው ጥፋተኛ ላይም ይደርሳል።

ጣቢያ ስንመለስ አንድ ግዙፍ ሰው ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። የአሮጊቷ የበኩር ልጅ ነው። ሌላ ከተማ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራል፤ ወሬውን እንደሰማ መኪናውን አስነስቶ ሳያርፍ መጥቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

"እህቴን እንድታስሩልኝ ነው የመጣሁት" አለ፣ ሳይቀመጥ።

"ምን አደረገች?"

"እናቴን አስራበቻት! ለልጇ ምረቃ ብላ ከመኖሪያ ቤቱ ወሰደቻት። ምረቃው ካለፈ ከወር በላይ ሆኖታል። እስካለፈው ሰኞ ቤቷ ዘግታባት ከርማ፣ አጥንቷን አምጥታ ጣለቻት። የመኖሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ራሷ ናት ደውላ የነገረችኝ፤ እያለቀሰች።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ እርስዎ እናትዎን በስልክ አላገኟቸውም?"

አንገቱን ደፋ። "ሥራ ይበዛብኛል። እህቴ ስትደውልም ሁልጊዜ አላነሳም።"

"እህትዎ ለምን እንዲህ ያለ ነገር ታደርጋለች?"

"ለቤቱ ነዋ! የምትኖረው በእናቴ ቤት ነው። እማዬ ከሞተች የሷ ሊሆን!" ጠረጴዛውን መታው። "ሆስፒታሉን እንዳያስገቧት ነግሬያለሁ። እናቴ አጠገብ አትደርስም። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።"

ሰውየው ሲወጣ ሳጅኑ እጁን አጨበጨበ። "አለቀ እኮ፣ አለቃ!"

"ምኑ ነው ያለቀው?"

"ጉዳዩ! የቤት ነገር ነው። ቤት እናትን ያስረሳል።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩት። "ተነስ፣ መኖሪያ ቤቱን እንየው።"

እውነቱን ለመናገር መኖሪያ ቤቱን ከውጭ ላየው እኔንም ጡረታ ያስመኘኛል። አጥሩ ላይ አበባ፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ለስላሳ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የሚስቁ አረጋውያን ፎቶ። ጎብኚ የሚስተናገደው እዚሁ ነው። አረጋውያኑ ታጥበው፣ ለብሰው ወደ ሶፋው ይመጣሉ፤ ከመስተዋቱ በር ወዲያ ቤተሰብ አይገባም።

"የሌሎቹን ሰላም እንዳይረብሽ ብለን ነው" አለች ሥራ አስኪያጇ። ድምፅዋ ማር ነው፤ ፈገግታዋ ከፊቷ አይወርድም። "እኛ ጋ አረጋውያን እንግዳ አይደሉም፣ ቤተሰብ ናቸው። የሁሉንም ልደት እናከብራለን። ይኸው፣ ይህን ይመልከቱልኝ!"

ትልቅ ፎቶ ነው። ኬክ አለ፣ ፊኛ አለ፤ የወረቀት ዘውድ የደፉ አንዲት እናት ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ደስ ይላል አልኳትና ወደ መጣሁበት ገባሁ።

"እኚህ ሆስፒታል ያሉት እናት መቼ ነው ከልጃቸው ቤት የተመለሱት?"

"ሰኞ። ሳያቸው እንባዬ ነው የመጣው፤ ልጅ እንዲህ ይጨክናል?"

የበሩን መዝገብ አስመጣች። መውጫቸው የምረቃው ዋዜማ፣ መመለሻቸው ሰኞ ይላል፤ ፊርማም አለው። ሳጅኑ ጎኔን ጎሰመኝ። አልፌው ተንከባካቢዋን እንድትጠራልኝ ጠየቅኩ። መጣች፤ ቀጭን፣ እጇ በሳሙና ብዛት የተሰነጣጠቀ ሴት።

"ሰኞ የተቀበልሻቸው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"እንዴት ነበሩ?"

"ከስተው።" የምትመልሰው ለእኔ ነው፤ የምታየው ግን የሥራ አስኪያጇን ጫማ ነው።

"ምን ቀመሱ?"

"ሾርባ። እ... ሾርባ ሰጠኋቸው።"

ክፍላቸውን አየሁ። አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ተወልውሏል፣ የመጥሪያው ደወል ራስጌ ላይ ተሰክቷል። ተጫንኩት፤ ኮሪደሩን አናጋው። ቢቸግራቸው ይጠሩ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቤት ባዶ እጄን ወጣሁ፤ ባዶ እጄን ስወጣ ደግሞ ጠባዬ አይቻልም።

ሳጅኑ የአሮጊቷን ሴት ልጅ ጎረቤት ጠይቆ መጣ። "ከምረቃው ማግስት ጀምሮ አሮጊቷን አላየሁም ትላለች።"

"ታዲያ ተመልሰዋል ማለት አይደለም?"

"ወይም ተቆልፎባቸዋል ማለት ነው! ማን አየ?"

አሁንስ አበዛው አልኩ በልቤ፤ ግን እውነቱን ነው። ጎረቤት አላየሁም ካለ ከሁለቱም ወገን ይቆጠራል።

ልጅቷን መጥሪያ ሳንልክላት ራሷ መጣች። ልጅቷ ስል ልጇን ያስመረቀች፣ ሃምሳዎቹን የጀመረች ሴት ናት፤ ፀጉር ሠሪ። ሥራ ላይ ሳለች ሰምታ ነው መሰለኝ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ትከሻዋ ላይ የሰው ፀጉር አለ። ሳጅኑ በር ከመዝጋቱ በፊት ጀመራት።

"እናትሽን ለምን አስራብሽ?"

"እኔ?" አለች። አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ተቀመጠችና አየችው። "እናቴን ቅዳሜ ምረቃ ላይ ይዣት ዋልኩ። ጨፈረች፤ የተጠበሰ በቆሎ ጋጠች። እሁድ ፀጉሯን ሠርቼ በራሷ እግር አስገባኋት። 'ነገ ደግሞ እንዳትመጪ፣ ሥራሽን ሥሪ' ብላ አባረረችኝ። ይኸው ነው።"

"መዝገቡ ሰኞ ይላል። ያለፈው ሰኞ!"

"መዝገቡን የያዘው ማን ነው?"

ወደድኳት። መውደድ ግን ማስረጃ አይሆንም።

"ከዚያ ወዲህ ለምን አልጎበኘሻቸውም?" አልኳት እኔ።

"ጉንፋን ገብቷል፣ ጎብኚ ተከልክሏል አሉኝ። ስደውል 'ተኝተዋል'፤ ደግሜ ስደውል 'ገላቸውን እየታጠቡ ነው'። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይታጠባል? በሩ ላይ ሄጄ ጮህኩ። ጥበቃው ገፍቶ መለሰኝ።"

"ስትጮኺ ያየሽ ሰው አለ?"

"በር ላይ የቆመን ሰው ማን ያያል?" ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "እንሰርሽ ካላችሁ እሰሩኝ። ግን መጀመሪያ እናቴን አሳዩኝ። ጋሼ እንዳልገባ አስከልክሎኛል። 'እናት ገዳይ' ብሎ ጻፈልኝ። እሱ እኮ ታላቄ ነው፤ አባታችን ሲሞት አቅፎ ያሳደገኝ ነው። እናቴ ይህን ሳትሰማ ብትሞትስ? እኔ እንዳስራብኳት ተደርጎ ብትቀበርስ?"

ሳጅኑ እንኳ ውሃ ቀድቶ አቀረበላት። እኔም መሃረብ ልሰጣት ቦርሳዬን ከፍቼ ስጎለጉል ያቺ የላስቲክ ከረጢት ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ሴትዮዋ አየቻት።

"ይሄ የማን ነው?"

"የእናትሽ ጥርስ ነዋ። አፋቸው ውስጥ ነበር።"

ከረጢቷን አንስታ ጥርሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። አገላበጠችው። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሳቀች! እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

"ይሄ የእናቴ አይደለም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"እናቴ ፍንጭት ናት! የራሷ ጥርስ ሲረግፍ ጥርስ ሠሪው አንድ ወጥ፣ ድርድር ያለ ጥርስ ሠራላት። 'ፍንጭቴን መልስልኝ፣ አለዚያ ሳጥንህ ውስጥ አስቀምጠው' ብላ መለሰችበት። ሁለተኛ ሠራ። ዘመኗን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ተሳፋሪው የሚጠራት በፍንጭቷ ነው። ይኸው!"

ስልኳን ከፈተች። የምረቃው ፎቶ ነው። የልጅ ልጃቸው በጥቁር ካባ፣ እሳቸው መሀል፣ ደረታቸውን ነፍተው ይስቃሉ። በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት በር ያህላል።

ሳጅኑ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ፍንጭቷ? ሾፌሯ ፍንጭቷ? በሳቸው አውቶቡስ እኮ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት! የቲኬት ገንዘብ ሳልይዝ ስገባ አንድም ቀን አላስወረዱኝም!" ወደኔ ዞረ፤ ፊቱ ቀልቷል። "አለቃ፣ አለቀ! መኖሪያ ቤቱ ነው!"

"ቀስ በል!"

"ምን ቀስ አለው?"

"ጥርሱ ተቀይሯል፤ ይህን አወቅን። ልጅቷ ናት የቀየረችው ቢሉስ? የራሳቸው ጥርስ የት ነው ያለው? እሱን ሳላገኝ ማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም።"

ተቀምጬ አሰብኩ። የጫማ ጥንድ የሚቀያየረው ብዙ ጫማ ባለበት ነው። የአንድ ሰው ጥርስ በሌላ ሰው ጥርስ የሚቀየርበት ቤት ደግሞ ስንት አለ? ሴትዮዋን ሥራዋ ላይ እንድትጠብቀኝ ነግሬ፣ ሳጅኑን አስከትዬ፣ ሳላስጠነቅቅ በምሳ ሰዓት መኖሪያ ቤቱ ገባሁ።

ሥራ አስኪያጇ ሶፋው ጋ እስክትደርስ አልጠበቅኩም። የመስተዋቱን በር ገፍቼ አለፍኩ። ከበሩ ወዲህ የአበባ ሽታ ነበር፤ ከበሩ ወዲያ የበረኪናና የሽንት ሽታ ተቀበለን። መመገቢያው ውስጥ አረጋውያኑ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ደረቅ ዳቦ በሻይ እያራሱ ይበላሉ። አንዳንዱ ይበላል፤ አንዳንዱ ዳቦውን አፉ ውስጥ እያገላበጠ ይተፋዋል። አንድ ሽማግሌ ሲናገር ጥርሱ ተነቅሎ ሊወድቅ ይደርሳል፤ በእጁ ይደግፈዋል።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳጅኑን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ "ይሄ ሁሉ ሆድ ዩኒፎርሙን አልቀደደውም?" ብለው ሳቁ። ሲስቁ አየኋቸው። በፎቶው ላይ የወረቀት ዘውድ የደፉት ባለልደቷ ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ጥርስዎ ያምራል።"

"አየሽልኝ? በስተርጅና ፍንጭት ሆንኩልሽ! በወጣትነቴ ቢሆን ስንቱን ባሳበድኩት!"

"ከየት አገኙት?"

"ከሳፋው ነዋ።"

"ከየትኛው ሳፋ?"

"ማታ ማታ የሁላችንንም ጥርስ ባንድ ሳፋ ይሰበስቡታል፤ ለማጠብ ይቀላል ብለው። ጠዋት የደረሰሽን ታደርጊያለሽ። የኔን ማን እንደወሰደው እንጃ። ይሄ ትንሽ ያጠብቃል፤ ግን ያምራል፣ ተይው አልኩ።"

"መቼ ነው የደረሰዎት?"

"ከልደቴ በፊት። እግዜር ለልደቴ የላከልኝ ነበር የመሰለኝ።" ከዚያ አተኩረው አዩኝ፤ ሞኝ ሴትዮ አይደሉም። "ምነው? ባለቤቷ ተገኘች?"

"ተገኙ፣ እማማ። ሆስፒታል ናቸው።"

ሳቃቸው ጠፋ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ያለ ጥርስ ነው የኖረችው?" አሉ። ሳልጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አወለቁና በናፕኪን ጠቀለሉት። "ወስደሽ ስጪያት። አላወቅኩም በያት።"

ያን ናፕኪን ስቀበል በመርማሪነቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበትን ጊዜ አላስታውስም። በሳቸውም ኮራሁ።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገብተን ተቀመጥን። ፈገግታዋ አሁንም አለ።

"ያ የልደት ፎቶ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት" አልኳት። "መቼ ነው ያከበራችሁት?"

"ባለፈው ወር አጋማሽ!" አለች ደስ ብሏት። "የዚያኑ ዕለት ገጻችን ላይ ለጥፈነዋል። ስንት ሰው እንደወደደው ቢያዩ!"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እንዴ! ኬኩን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።"

"ያን ጊዜ ሆስፒታል ያሉት እናት እዚህ ነበሩ?"

"ነገርኩዎት እኮ፤ ልጃቸው ቤት ነበሩ።"

የልጅቷን ስልክ ፎቶ አስገልብጬ ይዤ ነበር። ከልደቱ ፎቶ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "ይህ የምረቃው ነው። የእናትየውን ጥርስ ይመልከቱ። ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው። የባለልደቷን ጥርስ ይመልከቱ።"

አየች። ደግማ አየች።

"እንግዲህ ያስረዱኝ" አልኳት። "ምረቃ ላይ ጥርሱ እናትየው አፍ ውስጥ ነው። ልደቱ ላይ እዚህ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነው። የጥርሱ ባለቤት ልጃቸው ቤት ተቆልፎባቸው ሳለ፣ ጥርሱ ብቻውን በእግሩ መጣ?"

ያ ከፊቷ የማይወርድ ፈገግታ ወረደ። "ጥርስ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል" አለች። "ሰው ይሳሳታል፣ ኢንስፔክተር። ሠራተኛ አነሰን።"

"ሳፋ ውስጥ ጥርስ መቀላቀል ስህተት ነው፤ እሺ። ሰው አስርበሽ ልጇ ላይ ስታላክኪስ?" አንቱታውን እዚያው ጣልኩት። "መዝገቡ ላይ ያለችው ሰኞ የማን ጽሑፍ ናት?"

"ጠበቃዬን እፈልጋለሁ።"

"እኔ ልናገር" አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ። ተንከባካቢዋ ናት። ሥራ አስኪያጇ ስሟን ጠርታ ጮኸችባት፤ ሳጅኑ ሁለቱ መካከል ገብቶ ቆመ፤ ለዚያ ሆዱ ጠቀመን።

"እሁድ ነው የገቡት፣ ከምረቃው ማግስት" አለች ተንከባካቢዋ። "ጥርሳቸው ሳፋ ውስጥ ተቀየረ። 'ይሄ የኔ አይደለም' አሉ። ሁሉም እንደዚያ ይላል ብለን ሳቅን። ደረቅ ዳቦ እናስገባለን፤ የሚያስገባው ሌላ፣ ሳይነካ የሚያወጣው ሌላ። ሲደውሉ፣ ሲደውሉ፣ 'እኚህስ ነዝናዛ ናቸው' ተብሎ ደወሉ ተነቀለ። የተሰካው እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ነው። ከከሱ በኋላ ልጃቸው እንዳታያቸው ተፈራ፤ ጉንፋን ተባለ። አልነቃ ሲሉን አጠብናቸው፣ አዲስ ልብስ አለበስናቸው። 'ጥርስም አድርጉላቸው፣ በደንብ የተያዙ ይምሰሉ' አለችን። ከሳፋው የተገኘውን አደረግንላቸው፤ መዝገቡ ላይም እሷው መመለሻቸውን ሰኞ ብላ ጻፈች።" እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እኔም እናት አለችኝ፤ እኔም።"

ሥራ አስኪያጇን ሳጅኑ ይዟት ወጣ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ "አላልኩም ነበር?" አለኝ። ምን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያው ቀን የመስተዋቱ በር ወለል ተደርጎ ተከፈተ። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ተጠራ፤ ከጤና ቢሮ ሐኪሞች መጡ። ሶፋው ላይ ብቻ ሲቀመጡ የኖሩ ልጆችና የልጅ ልጆች እስከ ኋለኛው ክፍል ድረስ ገብተው እናት አባቶቻቸው የሚተኙበትን አዩ። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። ባለልደቷን የእህታቸው ልጅ አቅፋ ስታወጣቸው ሳጅኑን በእጃቸው ሰላም አሉት።

ጥርስ ሠሪው የእጁን ሥራ ገና ሲያየው ለየው። "ይህን ክፍተት እየተሰደብኩ ነው የሠራሁት" አለ። ቃሉን ሰጠ፣ ጥርሱ ከየአቅጣጫው ፎቶ ተነሳ፣ ተቀቅሎ ታጠበ። እኔም ይዤው ሆስፒታል ሄድኩ፤ አሮጊቷ ነቅተው "ጥርሴን ሳላደርግ ለመንግሥት ቃል አልሰጥም" ብለው በነርሷ በኩል ልከውብኝ ነበርና።

የበኩር ልጃቸው አልጋው አጠገብ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የተገኘውን ሁሉ ነግሬዋለሁ። ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ ወንበሯ ላይ አልቋል። ሳጅኑ የባዶው አልጋ ጫፍ ላይ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ተቀመጥን። አሮጊቷ መስተዋት አስመጡ፤ አፋቸውን ከፍተው አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በይ ጠይቂኝ፣ ልጄ።"

"ለምን የተሰጠዎትን ጥርስ አላደረጉም? ቢያንስ ለመብላት?"

"የማላውቀው ሰው ጥርስ አፌ ውስጥ?" ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ኩራታቸው ግን ክፍሉን ሞላው። "ያን ሁሉ ዘመን አውቶቡስ ስነዳ 'ሴት አትነዳም' ብሎ ያልሰደበኝ የለም። አንድም ቀን መሪዬን ለሰው አልለቀቅኩም። ጥርሴን መልሱልኝ፣ እስከዚያ ሾርባ ስጡኝ አልኳቸው። ይህ ብዙ ነው?"

"አይደለም፣ እማማ።"

"ዳቦውን እያስገቡ ያወጡታል። 'ዛሬም አልበላችም' ይላሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እዚያ የቀሩትስ?"

"ሁሉም ወጥተዋል። ቤቱ ታሽጓል።"

"ጎሽ።" ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር። "ልጄ መጥታ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "በሩ ላይ። 'እናቴን አሳዩኝ' እያለች ስትጮህ ሰማኋት፤ ድምፅዋን አላጣውም። 'እዚህ ነኝ' ብዬ ተጣራሁ። አልወጣልኝም። እሷ እየጮኸች፣ እኔ እየተጣራሁ፣ ወሰዷት። ከረሃቡ ያ ነው የጎዳኝ።"

ትልቁ ልጅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናቱ አላባበሉትም።

"ይህን ቃል ጻፍሽው?" አሉኝ።

"ጻፍኩት።"

"የትኛዋ ልጄ እንደሆነች አንድም ሰው እንዳይሳሳት አድርገሽ ጻፊ።"

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሳጅኑ ጠርቷት ነው የመጣችው፤ ከነሽርጧ። ወንድሟን ስታይ በሩ ላይ ቀረች። እንዳትገባ የተከለከለችበት ክፍል ነውና እግሯን ለማንሳት ፈራች፤ እጀታውን እንደያዘች እናቷን በሩቅ ታያለች።

"ተነስ" አሉ አሮጊቷ።

ልጃቸው እጁን ከፊቱ አወረደ። "እማዬ?"

"እህትህ መጥታለች። ተነስ።"

ታላቅ ወንድም ለታናሽ እህቱ ሊነሳ! ያ ግዙፍ ሰው ተነስቶ ቆመ። "ግቢ፣ እህቴ" አለ። ሳጅኑ ከአልጋው ጫፍ ዘሎ ተነሳ። እኔም ሳይታወቀኝ ከመስኮቱ ተነስቼ ቆሜያለሁ። ወንድሟ ወንበሯን በሁለት እጁ አንስቶ ከእናታቸው አጠገብ አስጠግቶ ያዘላት፤ እሷ እስክትቀመጥ ድረስ ማናችንም አልተቀመጥንም።